የብረት አተላ በመስኮብ ቋንቋ፤ ቃል ከሙያ ጋር ሲሰደድ

የዚህ ጽሑፍ ርእስ ለብዙዎቻችሁ እንግዳ ሊሆንባችሁ ይችላል። «ስንት የሚጻፍ ታሪክ እያለ ስለ ብረት አተላ ደግሞ ምን ይወራል?» የምትሉም አትጠፉም። ቢሆንም ጥቂት ታገሡኝ። በሰው አገር ስንኖር ዘወትር ከምንወያይባቸው ጉዳዮች አንዱ የቋንቋ ነገር ነው። ልጆቻችን አማርኛውን ከባዕድ ቃል ጋር እየቀላቀሉ ይናገራሉ፤ እኛም ራሳችን ስለ ሥራችን ስናወራ ከምንናገረው ግማሹ የአሠሪዎቻችን ቃል ነው። ይህ ዕጣ በእኛ ብቻ የደረሰ የሚመስለው ሰው ካለ፣ የሩሲያን የብረት ማቅለጥ ታሪክ ይመልከት። አባቶቻችን መስኮብ ይሉት የነበረው ይህ ታላቅ ሕዝብ ከእቶን የሚወጣውን ቆሻሻ የሚጠራበትን ቃል እንኳ የተበደረው ከባዕድ ነው። ለመሆኑ እንዴት ተበደረው? ተበድሮስ ምን አደረገበት? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህንን ማሳየት ነው። (ካልተገለጸ በስተቀር ዓመተ ምሕረቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ አሳስባለሁ።)

አተላው ምንድን ነው?

የብረት ማዕድን ከመሬት ሲወጣ ንጹሕ ብረት አይደለም። ብረቱ ከኦክሲጅን ጋር ተጣብቆ፣ ከአሸዋ፣ ከሸክላ አፈርና ከሌላም ድንጋይ ጋር ተደባልቆ ይገኛል። ሩሲያውያን ይህን የማይፈለግ ድንጋይ «ፑስታያ ፖሮዳ» ይሉታል፤ «ባዶ ድንጋይ» ማለት ነው። ማዕድኑ ከከሰልና ከኖራ ድንጋይ ጋር ወደ እቶን ይገባል። ከሰሉ ሙቀት ይሰጣል፤ ኦክሲጅኑንም ከብረቱ ይነጥቃል። ኖራው ደግሞ ከባዶው ድንጋይ ጋር ተዋሕዶ በቀላሉ እንዲቀልጥ ያደርገዋል። ከዚህ ውሕደት የሚገኘው ፈሳሽ ነው እንግሊዞች «ስላግ»፣ ሩሲያውያን «ሽላክ» የሚሉት። እኔ በዚህ ጽሑፍ «አተላ» እለዋለሁ። የጠላ አተላ ከታች ይዘቅጣል፤ የብረት አተላ ግን ክብደቱ የቀለጠውን ብረት ግማሽ እንኳ ስለማይሞላ እንደ ዘይት ከላይ ይንሳፈፋል። ልዩነታቸው ይህ ነው። በዘመናዊ ታላቅ እቶን ውስጥ አንድ ቶን ብረት በቀለጠ ቁጥር ከ250 እስከ 500 ኪሎ ግራም የሚደርስ አተላ አብሮ ይወጣል።

ይሁንና አተላውን ቆሻሻ ብሎ መናቅ አይገባም። እንደ ብርድ ልብስ ሆኖ የቀለጠውን ብረት ከአየር የሚከላከለው እርሱ ነው። ብረቱን የሚያበላሹትን ድኝና ፎስፎረስ መጥጦ የሚያወጣውም እርሱ ነው። ስለዚህ የዚህ ሙያ ሰዎች «አንተ አተላውን በደንብ ሥራ፤ ብረቱ ራሱን ይሠራል» ይላሉ።

ከጀርመኖች በፊት የነበሩት ቃላት

የሩሲያ ገበሬ ባዕድ መምህር ሳይመጣለት በፊት በየመንደሩ ብረት ያቀልጥ ነበር። ከረግረግ ያወጣውን ማዕድን በትንሽ የሸክላ እቶን ውስጥ ከእንጨት ከሰል ጋር ይከተውና በወናፍ ያናፋበታል። እቶኑ «ዶምኒትሳ» ይባላል፤ ዛሬ ትልቁ የብረት ማቅለጫ እቶን የሚጠራበት «ዶምና» የሚለው ቃልም ከዚሁ የወጣ ነው። የቃሉ ሥር «መንፋት፣ መናፋት» ማለት ነው። በዚህ ዓይነቱ ትንሽ እቶን ብረቱ ፈሳሽ እስኪሆን ድረስ አይቀልጥም። የሚቀልጠው አተላው ነው። ብረቱ ቀዳዳ የበዛበት ጓል ሆኖ ይቀራል። ጓሉን «ክሪትሳ» ይሉታል። ቀጥቃጩ ክሪትሳውን በጋለበት በመዶሻ ሲደበድበው በውስጡ የቀረው አተላ እየተጨመቀ ይወጣል። በአገራችንም ብረት ያነጥሩ የነበሩ ሰዎች የሠሩት በዚሁ ዘዴ ነው።

የኡራል ተራራ የብረትና የመዳብ ሠራተኞች ለዚህ አተላ የራሳቸው ስም ነበራቸው፤ «ሶክ» ይሉታል። ሶክ በተራው ሩሲያኛ የፍራፍሬ ጭማቂ ማለት ነው። ከብርቱካን የሚወጣውም ሶክ፣ ከድንጋይ የሚወጣውም ሶክ! ሥራውን በዓይኑ ያየ፣ በእጁም የዳሰሰ ሰው የሚያወጣው ስም ነው። ትኩስ ብረት ሲቀጠቀጥ ከላዩ እየተላጠ የሚረግፈውን ቅርፊት ደግሞ «ኦካሊና» አሉት፤ «ማጋል» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው።

ከእነዚህ መካከል አንዱ ቃል ግን ያን ጊዜም ቢሆን እንግዳ ነበር። እንደ ውሃ ቀልጦ በቅርጽ የሚፈሰውን ብረት የሚጠሩበት «ቹጉን» የሚለው ቃል ከቱርክ ቋንቋዎች የተወሰደ ነው። ከዚያው ስም የሩሲያ እናቶች ሾርባ የሚሠሩበት «ቹጉኖክ» የተባለው ድስት ተወለደ። እንግዳው ቃል እቤት ገብቶ ምድጃ ላይ ተጣደ ማለት ነው።

የታላቁ ጴጥሮስ ዘመንና የቃላት ጦርነት

ታላቁ ጴጥሮስ ከስዊድን ጋር ሲዋጋ መድፍ አስፈለገው። በኡራል የኔቪያንስክ ፋብሪካ በ1701 መጨረሻ የመጀመሪያውን ብረት አወጣ፤ በ1702ም ለኒኪታ ዴሚዶቭ ተሰጠ። በ1719 የማዕድን ጉዳዮችን የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት ሲቋቋም ስሙ «ቤርግ ኮሌጊያ» ተባለ፤ «ቤርግ» በጀርመንኛ ተራራ ማለት ነው። ከ1722 ጀምሮ የኡራልን ፋብሪካዎች ያስተዳደረው ትውልደ ጀርመን የሆነው ጌኒን ነበር። በ1723 የተቆረቆረችው ከተማም የካተሪንቡርግ ተባለች፤ መጨረሻዋ ላይ ያለው «ቡርግ» ጀርመንኛ ነው።

መምህራኑ ከሳክሶኒ ሲመጡ ቃላቸውን በጓዛቸው ይዘው መጡ። «ሽላክ» የጀርመኖች «ሽላከ» ነው፤ የቃሉም ዝምድና «መምታት» ከሚለው ግሥ ጋር ነው፤ ጥንት ብረት በመዶሻ ሲመታ እየተፈናጠረ የሚወጣውን ፍንጣሪ የሚያመለክት ነበር። የእንግሊዞቹ «ስላግ» የዚሁ ዘመድ ነው። ወደ እቶን የሚገባው የማዕድን፣ የከሰልና የኖራ ድብልቅ «ሺኽታ» ተባለ፤ በጀርመንኛ «ድርብርብ» ማለት ነው። መዳብ ሲቀልጥ ከአተላው ሥር የሚተኛው ድኝ ያለበት ከባድ ፈሳሽ «ሽቴይን»፣ ማለትም «ድንጋይ» ተባለ። አርሰኒክ የበዛበት ሌላ ድርብ «ሽፔይዛ» ተባለ፤ ቃሉ በጀርመንኛ «ምግብ» ከሚለው ጋር አንድ ነው። እንግዲህ የሩሲያ ገበሬ «ድንጋይ» እና «ምግብ» የተባሉ ነገሮችን ትርጕማቸውን ሳያውቅ ከእቶን ይቀዳ ነበር!

ይህ ሁኔታ ካሳዘናቸው ሰዎች አንዱ ቫሲሊ ታቲሽቼቭ ነበር። ታቲሽቼቭ የታሪክ ጸሐፊም የመንግሥት ሹምም ነው። በ1734 ለሁለተኛ ጊዜ ኡራልን እንዲያስተዳድር ሲላክ፣ ሹመቱም፣ ሥራውም፣ መሣሪያውም ሁሉ በጀርመንኛ እንደሚጠራ፣ ብዙዎቹ ሠራተኞችም ቃሉን በትክክል መናገርም ሆነ መጻፍ እንደማይችሉ አየ። ስለዚህ የጀርመንኛው ስም ሁሉ ቀርቶ በሩሲያኛ እንዲጻፍ አዘዘ። የካተሪንቡርግን ሳይቀር «የካተሪኒንስክ» እያለ ይጽፍ ነበር። ነገር ግን በዚያን ዘመን በንግሥት አና ቤተ መንግሥት ሥልጣኑ የቢሮን ነበር። የቢሮን ቋንቋ ጀርመንኛ ስለነበር ትእዛዙን እንደ ስድብ ቈጠረው። በ1737 ታቲሽቼቭ ከኡራል ተነሥቶ ወደ ኦረንቡርግ ጉዳይ ተዛወረ፤ የጀርመንኛው ስሞችም ተመለሱ። ከተማይቱ ዛሬም የምትጠራው በ«ቡርግ» ነው፤ አተላውም እስከ ዛሬ ሽላክ ነው።

የሎሞኖሶቭ መካከለኛ መንገድ

ታቲሽቼቭ በትእዛዝ ሊያደርገው የሞከረውን፣ የዓሣ አጥማጅ ልጅ የነበረው ሚኻይል ሎሞኖሶቭ በሌላ መንገድ ጀመረው። ሎሞኖሶቭ በ1736 ወደ ጀርመን አገር ለትምህርት ተላከ፤ በ1739ም ሳክሶኒ ውስጥ በምትገኘው ፍራይበርግ ከሄንከል ዘንድ የማዕድን ትምህርት ተማረ። ከመምህሩ ጋር ተጣልቶ በ1740 ጥሎት ቢሄድም ትምህርቱን ግን አልጣለም። በ1763 የታተመው መጽሐፉ በሩሲያኛ የተጻፈ የመጀመሪያው የብረታ ብረት መማሪያ ነው። ርእሱ «የሜታሉርጊያ ወይም የማዕድን ሥራዎች የመጀመሪያ መሠረቶች» የሚል ነው። ልብ በሉ፤ ሎሞኖሶቭ የባዕዱን ቃል «ሜታሉርጊያ»ን አልገፋም፤ ከጎኑ ግን ሕዝቡ የሚያውቀውን «ሩዳ» የሚለውን ቃል አስቀመጠ። ሩዳ የማዕድን ድንጋይ ማለት ነው። ሎሞኖሶቭ ስለ ቃላት አዋጅ አላወጣም፤ ሙያውን ራሱ ተምሮ፣ በአገሩ ቋንቋ ጽፎ አስተማረ እንጂ። ሙያው በሩሲያውያን እጅ ከገባ በኋላ ተበድረው ያመጡት ቃል እንደ ራሳቸው ቃል መውለድ መዋለድ ጀመረ።

የአተላው ዓይነቶችና ስሞቻቸው

እስቲ የተወለዱትን እንመልከት። የመጀመሪያው አከፋፈል በእቶኑ ዓይነት ነው። ከትልቁ እቶን የሚወጣው «ዶሜኒ ሽላክ» ነው። በ1864 ማርቴን የተባለው ፈረንሳዊ ሥራ ላይ ካዋለው የብረት ማጥሪያ ምድጃ የሚወጣው «ማርቴኖቭስኪ ሽላክ» ይባል ነበር፤ ዛሬ ምድጃው ራሱ ከሥራ ወጥቶአል ማለት ይቻላል። ኦክሲጅን እየተነፋበት ከሚያጠራው እቶን የሚወጣው ደግሞ «ኮንቬርቴርኒ» ይባላል።

ሁለተኛው አከፋፈል በጠባዩ ነው። አሸዋነቱ የበዛ አተላ «ኪስሊ»፣ ማለትም «ኮምጣጣ» ይባላል፤ ሩሲያውያን የኮመጠጠ ወተትንና ጎመንን የሚጠሩበት ያው ቃል ነው። ኖራው የበዛበት ደግሞ «ኦስኖቭኖይ» ይባላል፤ «መሠረት» ከሚለው ቃል የወጣ ነው። ይህ ልዩነት የስም ብቻ አይደለም። ድኝና ፎስፎረስ የሚያወጣው ኖራ የበዛበት ነው። የእቶኑም ግድግዳ ከአተላው ጠባይ ጋር የሚስማማ ጡብ ካልሆነ አተላው ግድግዳውን ይበላዋል።

ከሁሉ የሚገርመው ግን «ረጅም» እና «አጭር» የሚሉት ነው። ሠራተኛው ብረት ዘንግ አተላው ውስጥ ነክሮ ያወጣል። አተላው እንደ ማር እየተሳበ ክር ከሠራ «ድሊኒ ሽላክ»፣ ረጅም አተላ ነው። ሳይሳብ ጠብ ጠብ ብሎ ድንገት ከደረቀ «ኮሮትኪ ሽላክ»፣ አጭር አተላ ነው። ኮምጣጣው ብዙውን ጊዜ ረጅም ነው፤ ኖራ የበዛበት አጭር ነው። ላቦራቶሪ ባልነበረበት ዘመን ጌታው ሠራተኛ የእቶኑን ሆድ የሚያውቀው በዚህ ነበር፤ እናቶቻችን የወጡን መብሰል በማማሰያ ጫፍ እንደሚያውቁት ማለት ነው።

ቀለሙም ይናገራል። በኤሌክትሪክ እቶን መጀመሪያ የሚወጣው የብረት ኦክሳይድ የበዛበት «ቾርኒ ሽላክ»፣ ጥቁር አተላ ነው። ይህ ተጠርጎ ከወጣ በኋላ ኦክሲጅኑንና ድኙን ከአረብ ብረቱ የሚያወጣው «ቤሊ ሽላክ»፣ ነጭ አተላ ይሠራል። ነጩ አተላ ሲቀዘቅዝ ማንም ሳይነካው ራሱ ፈርሶ ዱቄት ይሆናል። «ካርቢድኒ» የሚባለው ግራጫ አተላ ደግሞ ውሃ ሲነካው እንደ በያጆች ጋዝ ይሸታል።

ሠራተኞቹ ያወጧቸው ስሞችም ከእነዚህ ጋር አብረው ይኖራሉ። በትንሽ በትንሽ ቅርጽ የፈሰሰው ብረት «ቹሽካ» ይባላል፤ የአሳማ ግልገል ማለት ነው። እቶኑ ሳይታሰብ ቀዝቅዞ ብረትና አተላው በሆዱ ውስጥ አንድ ላይ ከረጋ «ኮዝዮል» ገባበት ይላሉ፤ ፍየል ገባበት ማለታቸው ነው። ፍየሏን ለማስወጣት አንዳንዴ እቶኑን ራሱን ማፍረስ ያስፈልግ ነበር።

እዚህ ላይ የሚምታቱ ቃላትም እንዳሉ ላሳስብ። «ሽላም» ከጀርመንኛ የመጣ ሌላ ቃል ሲሆን ትርጕሙ ጭቃ ነው፤ ማዕድን ሲታጠብ የሚቀረው ደቃቅ ዝቃጭ ነው እንጂ የቀለጠ አተላ አይደለም። ከተጣራ ማዕድን የተረፈው ገለባ «ኽቮስቲ»፣ ጭራ ይባላል። ደግሞም ሩሲያውያን በድንጋይ ከሰል ምድጃ ውስጥ የሚቀረውን የተጋገረ አመድም ሽላክ ይሉታል። ከዚህም አልፎ «በሰውነት ውስጥ ሽላክ ተጠራቅሞአል፤ ይጠረግ» የሚሉ የባህል መድኃኒተኞች አሉ፤ ይህ አነጋገር ግን ከብረትም ከሕክምና ሳይንስም የሚገናኝ አይደለም።

የተጣለው ሲፈለግ

በመጀመሪያ አተላው በፋብሪካው አጥር ሥር ይደፋ ነበር። በኡራል ካራባሽ የምትባለው የመዳብ ከተማ አጠገብ እንደ ጥቁር ተራራ የቆመው ክምር እስከ ዛሬ ይታያል። ክምሩን «ኦትቫል» ይሉታል።

በ1862 ጀርመናዊው ኤሚል ላንገን የፈሰሰ አተላ በውሃ ድንገት ሲቀዘቅዝ የሚሆነው አሸዋ መሰል ነገር ከኖራ ጋር እንደ ሲሚንቶ እንደሚጠነክር አሳወቀ። ከዚያ በኋላ አተላ ሲሚንቶ ሆነ፤ ብሎኬት ሆነ፤ ሩሲያውያን «ሽላኮብሎክ» ይሉታል። በእንፋሎት ሲነፋ ጥጥ የመሰለ ክር ሆኖ ቤት ከብርድ የሚከላከል «ሽላኮቫታ» ሆነ። በ1870ዎቹ መጨረሻ እንግሊዛዊው ቶማስ ፎስፎረስ ያለበትን ብረት የሚያጠራበት ዘዴ ባገኘ ጊዜ ደግሞ አተላው ተፈጭቶ የእርሻ ማዳበሪያ ሆነ። ይህን «ቶማስሽላክ» አሉት። በዩክሬን በማሪዩፖል ከተማ በ1933 ሥራ የጀመረው የአዞቭስታል ፋብሪካም ከክራይሚያ ከርች በሚመጣው ፎስፎረስ ያለበት ማዕድን እየሠራ አተላውን ለገበሬ ያቀርብ ነበር። ፋብሪካው በ2022 በጦርነት ወደመ።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን በኪየቭ በፓቶን ኢንስቲትዩት በ1950ዎቹ የተሠራው ነው። የኤሌክትሪክ ኀይል በቀለጠ አተላ ውስጥ ሲያልፍ የሚፈጠረው ሙቀት ወፍራም ብረት እንዲበይድ፣ ቀጥሎም አረብ ብረትን ዳግመኛ አቅልጦ እንዲያጠራ አደረጉ። «ኤሌክትሮሽላክ» የተባለውን ይህን ዘዴ ምዕራባውያን ከነስሙ ወደየቋንቋቸው ወሰዱት። ተበዳሪው ቃል በሁለት መቶ ዓመት ውስጥ አበዳሪ ሆነ ማለት ነው!

እኛስ?

ይህን ታሪክ ሳነብ ወደ ሐሳቤ የሚመጣው ጋፋት ነው። ዐፄ ቴዎድሮስም እንደ ጴጥሮስ መድፍ አስፈልጓቸው ነበር። እርሳቸውም በደብረ ታቦር አጠገብ ያሰባሰቧቸው ባለሙያዎች አብዛኞቹ ከባዝል አጠገብ ካለው ሚሲዮን የመጡ ጀርመንኛ ተናጋሪዎች ነበሩ። ወደ 7 ቶን የሚመዝነውም መድፍ ተቀልጦ ተሠራ፤ ስሙም ሴባስቶፖል ተባለ። እንግሊዝና ፈረንሳይ በ1854ና በ1855 የከበቧት የመስኮብ ወደብ ስም ነው። ነገር ግን በ1868 መቅደላ ስትወድቅ አብዛኞቹ ባለሙያዎች ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወጡ፤ የጋፋትም እሳት ጠፋ። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። በኡራል መምህሩ ቢሄድ ተማሪው ነበር፤ እቶኑም አልጠፋም። በጋፋት ግን ሁሉም ነገር በአንድ ንጉሥ ዕድሜ ተወሰነ። ከዚያ ሁሉ ድካም በሕዝቡ አፍ የቀረው የመድፉ ስም ነው።

የራሳችን የብረት ሰውስ? ወናፍ፣ ጉጠት፣ መዶሻ፣ መስፍ የሚሉትን ቃላት ያቆየልን ቀጥቃጩ ነው። ይሁንና ቀጥቃጩን ቡዳ እያልን ስንሰድበው፣ ከማዕዳችን ስናርቀው፣ ከልጁም ጋር ጋብቻ ስንከለክል ኖረናል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. (በእኛ አቆጣጠር) ሠራተኛን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት የደረሱት በዚህ ምክንያት ነው። ድንጋዩን የሚያቀልጥ ሰው ሲዋረድ፣ የባሕር ማዶውም ብረት እየረከሰ ሲመጣ፣ የማቅለጡ ሙያ ከነቃሉ ቀረ። ሩሲያውያን «ሶክ» ያሉትን ነገር የእኛ አንጣሪዎች በየአካባቢያቸው ምን ምን ይሉት እንደነበር የሚጠይቃቸው አልነበረም።

መኪና ከጣሊያን ጋር ሲመጣ ግን ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ኮፋኖ፣ ጎሚስታ የሚሉት ቃላት አብረው መጡ። በእነዚህ ማንም አያፍርም፤ አማርኛ ሆነዋል። ለምን? ሙያውን የእኛ ሰው በእጁ ስለያዘው ነው።

ስለዚህ ውድ አንባቢያን፣ ልጆቻችን የባዕድ ቃል ስለተናገሩ ብቻ አንደንግጥ። ታቲሽቼቭ በትእዛዝ ሊያስቀረው ያልቻለውን እኛም በቁጣ አናስቀረውም። ሊያስደነግጠን የሚገባው ሙያውን ሳይዙ ቃሉን ብቻ ሲይዙ ነው። በመካከላችን በሶቪየት ኅብረት ዩኒቨርሲቲዎች ምሕንድስና የተማሩ፣ ሽላክንም ሺኽታንም በዓይናቸው ያዩ ወንድሞችና እኅቶች አሉ። በየተሰደድንበት አገር በያጅ፣ መካኒክ፣ የፋብሪካ ሠራተኛ የሆኑም ብዙ ናቸው። የሚያውቁትን በአማርኛ ለልጆቻቸው ቢነግሩ፣ ቢችሉም ቢጽፉት፣ ቃሉ የተበደረ ቢሆንም እውቀቱ የራሳችን ይሆናል። አገር ቤት ያሉ ሽማግሌ ቀጥቃጮችም ሳያልፉ፣ እረፍት የሚሄድ ሰው ጠጋ ብሎ «አባቴ፣ ይህን ምን ትሉታላችሁ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ የሚያስገኘው አንድ ቃል ብቻ እንኳ ቢሆን ለቋንቋችን ትርፍ ነው።

ብረት በጊዜ ብዛት ይዝጋል፤ አፈርም ይሆናል። አተላው ግን አይዝግም። በጎረቤታችን በሱዳን፣ በመርዌ፣ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ያለፋቸው አንጣሪዎች የጣሉት አተላ ክምር ዛሬም ቆሞ ይታያል፤ በዚያ ብረት ይነጠር እንደነበር የሚመሰክረውም እርሱ ነው።